የ«ፍሬም ሬት» እና የ«ዳይናሚክ ሬንጅ» ታሪክ፦ ከስያሜው በፊት ጽንሰ ሐሳቡ

1. መግቢያ

ለአንድ የውጭ ሙያዊ ቃል የአማርኛ አቻ በሚፈለግበት ጊዜ ሁለት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው ቃሉን በየክፍሉ ፈትቶ እያንዳንዱን ክፍል ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ሁለተኛው ቃሉ የቆመለትን ጽንሰ ሐሳብ ከነአመጣጡ መርምሮ ስሙን ለጽንሰ ሐሳቡ ማውጣት ነው። የመጀመሪያው መንገድ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ሁለተኛው አድካሚ ቢሆንም ተርጓሚውን ከስሕተት፣ አንባቢውንም ከጥፋት ያድናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተያየት በቪዲዮ ቀረጻ ሙያ ውስጥ ዘወትር በሚነሡ ሁለት ቃላት፣ ማለትም «ፍሬም ሬት» እና «ዳይናሚክ ሬንጅ» በሚባሉት፣ መፈተን ነው። እነዚህ ቃላት ቀድሞ የባለሙያ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ግን በየሰዉ ኪስ ባለው ስልክ ውስጥ ይገኛሉ። የተተረጎሙ የሥልጠና ጽሑፎች የመጀመሪያውን «የፍሬም ፍጥነት»፣ ሁለተኛውን ደግሞ «የእንቅስቃሴ ክልል» ሲሉ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ተመልክቷል። ሁለቱም ስያሜዎች ለምን እንደማይበቁ ለማሳየት ጽንሰ ሐሳቦቹ የመጡበትን መንገድ በአጭሩ መከተል ያስፈልጋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የአገራችን ዓመታት ዓ.ም. ተብለው ተለይተዋል።

2. አንድ ገጠመኝ

ነገሩ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ ገጠመኝ ማንሣት ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመንዝ የዘዬ ጥናት በሚያካሂድበት ወቅት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ስለ ገና ጨዋታ ሲተርኩ በቪዲዮ ካሴት ቀርጾ ነበር። እናቲቱ ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ ሰዓቱ እኩለ ቀን፣ ፀሐዩም ብርቱ ነበር። ከትረካቸው መካከል «የዚያን ቀን ጌታው ይመታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል። በዚያች ቅጽበት ግን ነፋስ በማይክሮፎኑ ላይ ስለ ነፈሰ ድምፁ አልተለየም።

እንደሚታወቀው «ይመታል» የሚለው ግስ «መ» እና «ተ» ሲላሉ ጌታውን መቺ፣ ሲጠብቁ ግን ተመቺ ያደርገዋል። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፍም፤ የሚለየው ጆሮ ነው። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ስለሚሰለፉና ጌታውም ቢመታ ስለማይቆጣ ሁለቱም ትርጉም ያስኬዳል። ተመራማሪ ደግሞ በግምት መወሰን አይፈቀድለትም። ስለዚህ የቀረው ምስክር ከንፈር ነበር። «መ» ከንፈሮች ተገጥመው የሚነገር ድምፅ በመሆኑ፣ በሚጠብቅበት ጊዜ ከንፈሮቹ ተገጥመው የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል።

ካሴቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኮምፒዩተር እንዲገለበጥ ለአንድ ተቋም ተሰጠ። ገልባጩ ቦታ ለመቆጠብ በማሰብ በሰከንድ 25 ምስል የነበረውን ወደ 15 ዝቅ አደረገው። የጨለመውንም ፊት ለማውጣት ብሎ ምስሉን በሙሉ አበራው። ውጤቱም ቅርጹ የጠፋ ነጭ ነጠላ፣ በመካከሉ ግራጫ ጥላ የመሰለ ፊት ሆነ። ዋናው ካሴት በዚያው ቀርቶ አልተመለሰም።

የደረሰውን ጉዳት በቁጥር ማየት ይቻላል። በሰከንድ 25 ምስል ሲቀረጽ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። ለምሳሌ ያህል የላላው «መ» 80፣ የጠበቀው 160 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ፣ ከንፈሩ በፊተኛው በሁለት ምስሎች፣ በኋለኛው በአራት ምስሎች ተገጥሞ ይታያል፤ ልዩነቱም ግልጽ ነው። በሰከንድ 15 ምስል ግን የመካከሉ ጊዜ ወደ 67 ሚሊ ሰከንድ ስለሚደርስ የላላው በአንድ ወይም በሁለት፣ የጠበቀው በሁለት ወይም በሦስት ምስሎች ላይ ይወድቃል። ከንፈሩ በሁለት ምስሎች ተገጥሞ ከታየ የትኛው እንደ ሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። በአንድ በኩል የምስሉ ቍጥር ማነስ፣ በሌላ በኩል የብርሃኑ መበላሸት የአንድን ዐረፍተ ነገር ትርጉም አጠፉት ማለት ነው።

3. ከእጅ መዘውር እስከ 24

«ተንቀሳቃሽ ምስል» የምንለው በራሱ አይንቀሳቀስም። እየተከታተሉ የሚቀርቡ የቆሙ ምስሎች ናቸው፤ እንቅስቃሴውን የሚፈጥረው የተመልካቹ ዓይንና አእምሮ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ በሰከንድ ስንት የቆሙ ምስሎች ይበቃሉ የሚል ነበር።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ዊልያም ዲክሰን ያዘጋጀው ኪኔቶስኮፕ የተባለው መሣሪያ በሰከንድ ወደ 40 የሚጠጉ ምስሎችን ያሳይ ነበር። በአንጻሩ የሊዩሚየር ወንድማማቾች በታኅሣሥ 28 ቀን 1895 በፓሪስ ግራንድ ካፌ ለሕዝብ ያሳዩት ሲኒማቶግራፍ በሰከንድ 16 ገደማ ያህሉን ብቻ ይጠቀም ነበር። ምስሉ ሲያንስ ፊልም ይቆጠባል፤ ፊልም ደግሞ ውድ ነበር። መሣሪያው በእጅ ይዘወር ስለ ነበር ቁጥሩ በባለሙያው ክንድ ላይ የተመሠረተ ነው። በአንድ ዙር 8 ምስል፣ በሰከንድ ሁለት ዙር፣ በድምሩ 16 የሚለው ልማድም ከዚህ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ቀራጩ አንዳንዴ ሲፈጥን፣ አንዳንዴ ሲዘገይ፣ የሲኒማ ቤቱ ሠራተኛም ትርኢቱን ቶሎ ለመጨረስ ሲያስሮጥ፣ ቋሚ ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም።

ቁጥሩን ቋሚ ያደረገው ድምፅ ነው። በ1926 እና በ1927 የዋርነር ብራዘርስ ኩባንያና የዌስተርን ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ድምፅን ከፊልም ጋር ሲያጣምሩ ፊልሙ በደቂቃ 90 ጫማ እንዲጓዝ ተወሰነ። በአንድ ጫማ ፊልም ላይ 16 ምስሎች ስላሉ በደቂቃ 1,440፣ በሰከንድ 24 ይሆናል። ዓይን የምስልን መፍጠንና መዘግየት በመጠኑ ይታገሣል፤ ጆሮ ግን የሰው ድምፅ ሲቀጥንና ሲወፍር ፈጽሞ አይታገሥም። እንግዲህ እስከ ዛሬ የሲኒማ መለኪያ ሆኖ የኖረው 24 ለዓይን ተብሎ ብቻ የተመረጠ ቁጥር አይደለም፤ ጆሮም የወሰነው ነው። የቋንቋ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ሌላ ልዩ ቁጥር አለ። 24 ምስል ያለ ተጨማሪ ዘዴ ቢታይ ብርሃኑ ይርገበገባል። በመሆኑም በማሳያው ውስጥ የሚሽከረከረው ሹተር የተባለ መዝጊያ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ጊዜ እንዲያበራ ተደረገ፤ ምስሉ 24፣ የብርሃኑ ብልጭታ 48 ሆነ። «ፍጥነት» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል። የፊልሙ ጉዞ ፍጥነት፣ የመዝጊያው ፍጥነት፣ የብልጭታው ድግግሞሽና የምስሉ ብዛት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አራቱንም «ፍጥነት» ብሎ መጥራት ተማሪውን ማደናገር ነው።

4. ቴሌቪዥንና የኤሌክትሪክ መስመር

ቴሌቪዥን ሲመጣ ቁጥሩን የወሰነው ሦስተኛ ኃይል ነው፤ ይኸውም የኤሌክትሪክ መስመር ነው። በኅዳር 2 ቀን 1936 ከለንደን አሌክሳንድራ ፓላስ የጀመረው የቢቢሲ መደበኛ ሥርጭት ብዙም ሳይቆይ የጸናበት ሥርዓት በ405 መስመር በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል የሚያስተላልፍ ነበር፤ የእንግሊዝ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳልና። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ በ1941 የጸደቀው የ525 መስመር ሥርዓት 30 ሙሉ ምስል ሆነ። በሁለቱም ዘንድ እያንዳንዱ ሙሉ ምስል በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ግማሽ ጎደሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ሌላው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ይይዛል። ይህ ግማሽ በእንግሊዝኛው «ፊልድ» ይባላል። ቃሉን ብቻ ያየ ተርጓሚ «መስክ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ ጽንሰ ሐሳቡን ያየ ግን «ግማሽ ምስል» ይለዋል።

በ1953 አሜሪካ ቀለምን ስትጨምር የቀለሙ መልእክት ከድምፁ መልእክት ጋር እንዳይጋጭ 30 የነበረው በ1,000 ተባዝቶ ለ1,001 ተካፈለ፤ 29.97 ሆነ። ይህ ጎደሎ ቁጥር ምክንያቱን ከማያውቁ ብዙ ሰዎች ጋር እስከ ዛሬ አብሮ ይኖራል።

የአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ ከ25ቱ ወገን ሆንን። ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በእኛ መስመር የሚሠራ የቱቦ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል፣ ይደበዝዛል። በሰከንድ 30 ምስል ላይ ተስተካክሎ የመጣ ስልክ ለእያንዳንዱ ምስል በአንድ ስድሳኛ ሰከንድ ብርሃን ሲቀበል አንድ ከሁለት ሦስተኛ ያህል ብልጭታ ይይዛል። የሚቀጥለው ምስል የሚይዘው ብልጭታ ከሌላ ቦታ ስለሚጀምር ምስሉ ይንቀጠቀጣል። በሰከንድ 25 ምስል፣ በአንድ ሃምሳኛ ሰከንድ የቀረጸ ግን በእያንዳንዱ ምስል ሁለት ሙሉ ብልጭታ ያገኛል፤ እንከንም አይታይበትም። መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ከመጣል በፊት ቁጥሩ የየት አገር ታሪክ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

5. ብርሃንን በኃይሉ መለካት

ሁለተኛው ቃል «ዳይናሚክ» ከሚለው ይነሣል። ሥሩ የግሪክ «ዲናሚስ» ሲሆን ትርጉሙ «ኃይል» ነው፤ አልፍሬድ ኖቤል በ1867 ድማሚቱን «ዳይናማይት» ያለውም ከዚሁ ሥር ወስዶ ነው። ቃሉ በሙዚቃ የድምፅን መጉላትና መለዘብ ያመለክታል። በኋላም የስልክና የሬዲዮ መሐንዲሶች አንድ መስመር በደካማው ሹክሹክታና በኃይለኛው ድምፅ መካከል ምን ያህል ርቀት ሊሸከም እንደሚችል ለመግለጽ ተጠቀሙበት። እንግዲህ «ዳይናሚክ ሬንጅ» ከእንቅስቃሴ ጋር ዝምድና የለውም። የቆመ ግድግዳም፣ የሚጋልብ ፈረስም እኩል ይለካሉ። «የእንቅስቃሴ ክልል» በሚለው ስያሜ የሠለጠነ ወጣት የሚሮጥ ሰው ሲቀርጽ ስለዚህ ነገር ይጨነቃል፤ በደጃፍ የተቀመጠችውን እናት ሲቀርጽ ግን አያስታውሰውም። ጥፋቱ የሚደርሰው በዚያን ጊዜ ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ በፎቶግራፍ ዘንድ ከስያሜው ይቀድማል። በ1890 በእንግሊዝ አገር ፈርዲናንድ ኸርተርና ቬሮ ድሪፊልድ በፎቶግራፍ ሳሕን ላይ የወደቀው ብርሃን መጠንና ሳሕኑ የጠቆረበት መጠን እንዴት እንደሚዛመዱ ለክተው በመስመር አሳዩ። መስመሩ ከታች ቀስ ብሎ ይነሣል፣ በመካከል ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከላይ ደግሞ ትከሻ መስሎ ይጎብጣል። ከታችኛው ጫፍ በታች ጥላው ሁሉ አንድ ጥቁር ነው፤ ከትከሻው በላይ ብርሃኑ ሁሉ አንድ ነጭ ነው። አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በ1940 አካባቢ ያቀነባበሩት የዞን ሥርዓትም ይህንኑ ለፎቶግራፍ አንሺው የዕለት ሥራ እንዲመች አድርጎ ከፋፈለው።

በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ዘመን ጽንሰ ሐሳቡ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ላቦራቶሪ ያስገኙት ሲሲዲ የተባለው ብርሃን ተቀባይ፣ እንዲሁም ከእርሱ በኋላ የመጡት፣ ብዙ ጥቃቅን ጋኖችን ይመስላሉ። ብርሃን ሲወድቅ በየጋኑ ኤሌክትሮን ይጠራቀማል። ጋኑ ጢም ሲል የተረፈው ምንም ያህል ቢሆን አይመዘገብም። ከሥር ደግሞ መሣሪያው በራሱ የሚፈጥረው ረብሻ ስላለ ከዚያ ያነሰ ብርሃን አይለይም። አንድ ጋን 30,000 ኤሌክትሮን የሚይዝ፣ ረብሻው 3 ኤሌክትሮን ቢሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 10,000 ለአንድ ይሆናል። የፊልም ትከሻ በዝግታ ይጎብጥ ነበር፤ ጋኑ ግን በድንገት ይሞላል። በፀሐይ የነጣ ነጠላ ጥለቱና ሽንሽኑ ባንድ ጊዜ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ርቀት ለማን እንደሚመች መጠየቅም የታሪኩ ክፍል ነው። የኮዳክ ኩባንያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለማተሚያ ቤቶች ይልክ የነበረው «ሺርሊ ካርድ» የተባለው የቀለም መለኪያ የነጭ ሴት ምስል ነበር። ለብዙ ዓመታት ፊልሙም ሆነ ሕትመቱ የተስተካከለው በዚያ ፊት ልክ ነው። ጠይም ፊትና ነጭ ልብስ በአንድነት ሲቀርቡ ከሁለቱ አንዱ እንዲጠፋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ልማድ ነበር። የብርሃንን ስፋት ማወቅ ለእኛ አገር ቀራጭ ቅንጦት ያልሆነው ስለዚህ ነው።

በ1993 ኮዳክ ሲኒዮን በተባለው ሥርዓቱ የፊልምን ብርሃን በሎጋሪዝም አቀናብሮ በ10 ቢት መመዝገብ ጀመረ። በማሳያ በኩል ደግሞ በ2016 የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለሰፊው የብርሃን ርቀት የሚሆን የቴሌቪዥን መመዘኛ አወጣ። እዚህ ላይ ዘወትር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። የብርሃኑ ርቀት የአንድ መሰላል ቁመት ነው፤ የቢቱ ብዛት የመርገጫዎቹ ቁጥር ነው። መርገጫ መጨመር መሰላሉን አያስረዝመውም።

6. ሁለቱ በሚገናኙበት

ምስል በሰከንድ መብዛቱና የብርሃን ርቀት መስፋቱ አብረው የሚገኙ ይመስላሉ፤ በተግባር ግን ይሻማሉ። በሰከንድ 25 ምስል የሚቀርጽ ለአንዱ ምስል ከአንድ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ የበለጠ ጊዜ ሊሰጥ አይችልም፤ እንደ ልማዱም ግማሹን ይሰጣል። ቁጥሩ 50 ሲሆን በየምስሉ የሚገባው ብርሃን ወደ ግማሽ፣ 100 ሲሆን ወደ ሩብ ይቀንሳል። ብርሃኑ ሲቀንስ ጥላው ወደ ረብሻው ይጠጋል። በተጨማሪም ብዙ ብርሃን ተቀባዮች በፍጥነት ሲነበቡ በጥቂት ቢት ይነበባሉ።

ከካሴት ወይም ከሌላ መሣሪያ ምስል ተቀብሎ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባው ካርድም የራሱ ጣጣ አለው። 59.94 ሆኖ የመጣውን 60 ብሎ የተቀበለ ካርድ በየ17 ሰከንዱ ገደማ አንድ ምስል ይደግማል። ሰፊ የብርሃን ርቀት ያለውን መልእክት በ8 ቢት የሚያጠብም አለ። ስለዚህ የድሮ ካሴት ሲገለበጥ በተቀረጸበት በ25ቱ፣ ሁለቱም ግማሽ ምስሎች ሳይጣሉ፣ ብርሃኑም ሳይነካ ሊወሰድ ይገባል። ማብራትም ሆነ ማሳነስ የሚቻለው በቅጂው ላይ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ካሴት 50ው ግማሽ ምስሎች በየ20 ሚሊ ሰከንዱ የእናቲቱን ከንፈር ይዘው ነበር።

7. የስያሜ ሐሳብ

ከዚህ ታሪክ በመነሣት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ለ«ፍሬም»፦ «ነጠላ ምስል»። «ፍሬም» በአማርኛ የሥዕል ወይም የመነጽር ጠርዝ ሆኖ ስለ ተለመደ በመዝገበ ቃላት ብቻውን ሊቆም አይችልም፤ በሙያተኞች አፍ የጸና በመሆኑ ግን እንደ አቻ ቃል ሊመዘገብ ይገባል።

ለ«ፍሬም ሬት»፦ «የምስል ምጣኔ»፣ መለኪያውም «ምስል በሰከንድ»። «ምጣኔ» በ«ልደት ምጣኔ» ውስጥ እንደሚታየው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚገኝን ብዛት ያመለክታል። «ፍጥነት» ለፊልሙ ጉዞና ለመዝጊያው ይቆይ።

ለ«ዳይናሚክ ሬንጅ»፦ «የኃይል ስፋት»፤ በምስል «የብርሃን ኃይል ስፋት»፣ በድምፅ «የድምፅ ኃይል ስፋት»። «ወሰን» የአንዱን ጫፍ ብቻ ያሳያል። «ክልል» አስተዳደራዊ ትርጉሙ እጅግ በርትቷል። «ስፋት» ግን በሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ርቀት ይናገራል።

ለ«ስቶፕ»፦ «እጥፋት»። አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በሁለት ያባዛል። «እጥፍ» ቢባል «14 እጥፍ» 14 ጊዜ ማለት ይሆናል፤ ትክክሉ ግን 16,384 ጊዜ ነው። ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ሁለት፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ አራት፣ አሥር ጊዜ ቢታጠፍ 1,024 ድርብ ይሆናል። «14 እጥፋት» የሚለው አነጋገር ይህን ስሌት በራሱ ይዟል።

8. ማጠቃለያ

በሰከንድ 24፣ 25 እና 29.97 ምስል የተባሉት ቁጥሮች የተፈጥሮ ሕግጋት አይደሉም። ጆሮ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የቀለም መልእክት በየተራ የተዉአቸው ምልክቶች ናቸው። «ዳይናሚክ ሬንጅ»ም የእንቅስቃሴ ሳይሆን የኃይል መለኪያ ነው። እነዚህን ያላየ ተርጓሚ ትክክለኛ አማርኛ ሊጽፍና የተሳሳተ ነገር ሊያስተምር ይችላል። ለቀረቡት ስያሜዎች የተሻለ አማራጭ ያላቸው አንባብያን አስተያየታቸውን ቢያካፍሉ የመዝገበ ቃላቱ ሥራ ይጠቀማል።

የመንዝ እናቲቱን ትረካ በሚመለከት፣ ጽሑፉ በፊደል ተገልብጦ በስብስቡ ውስጥ ይገኛል። ከ«ጌታው ይመታል» አጠገብ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል፤ እናቲቱ ዐርፈዋልና ምልክቱን የሚያነሣው የለም።